ገመዱ የተጣራ ዕለት

ትልቁ ገመድ በተገመደበት ዕለት፣ ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በገመድ ቤቱ ግቢ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ገመድ ገማጆቹ ሁለት ወንድማማቾች፣ የታላቅየው ሚስት፣ ለቀን ሥራ የተጠሩ የደሴቲቱ ጎበዛዝት፣ ከዋናው ምድር የመጣው ፎቶ አንሺ፣ እንዲሁም ማንም ሳይጠራው የመጣው የወደቡ ሹም። ጊዜው የእንፋሎት መርከብ ገና ብርቅ የነበረበት፣ ጢሱ ከሩቅ ሲታይ ሰው ሁሉ የያዘውን እየጣለ ወደ ባሕሩ ዳር የሚሮጥበት ጊዜ ነበር።

በዚያን ዕለት ጠዋት ግን የምትሮጠው የታላቅየው ሚስት ብቻ ነበረች። በሁለት እጇ ሰፊ ትሪ ይዛ ወደ እንግዳው ክፍል የሚወስደውን የእንጨት ደረጃ ሁለት ሁለቱን ትወጣለች። ትሪው ላይ በነጭ ፎጣ የተደረደሩ መስታወቶች የጠዋቷን ፀሐይ እየተቀበሉ ጣሪያው ላይ ይረጫሉ። ጎህ ከቀደደ ጀምራ ስትፈትጋቸው ነው ያረፈደችው። ደስ ብሏታል። እንግዳ በሰው ቤት አድሮ እንዲህ የተደረገለት ያለ አይመስላትም።

ፎቶ አንሺው በሩን ሲከፍት ሸሚዙን ገና አልቆለፈም ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጣቶቹ በመድኃኒት የጠቆሩ ሰው ነው። የደሴቶቹን ሕዝብ ኑሮ በሥዕል እያነሳ ለአንድ መጽሔት የሚልክ፣ ከደሴት ደሴት ሲዞር የከረመ መንገደኛ ነው።

«እንደምን አደሩ?» አለችው ትንፋሽ እያጠራት። «ያ ሳጥንዎ ትናንት ጀልባው ላይ ባሕር ገብቶበት ነበር። ይደርቅ ብዬ ብከፍተው፣ አቤት እድፍ! ወተት የፈሰሰበት ይመስል መስታወቱ ሁሉ ተለውሷል። በቀዝቃዛ ውሃ እምቢ አለኝ። በፍል ውሃና በሳሙና ነው የለቀቀልኝ። አሁን ይዩዋቸው እስቲ!»

ፎቶ አንሺው አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ሁሉንም?» አለ።

«አንድ አላስቀረሁ።»

እሷ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ቅድም እንደ ላባ የቀለላት ትሪ ክንዷን ይጎትታት ጀመር።

«እመቤቴ፣» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ያ ወተት የሚመስለው እድፍ አልነበረም። የመስታወቱ ዓይን እሱ ነው። ብርሃን የሚያርፈው፣ ሥዕሉም የሚቀረው እሱ ላይ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን የመስኮት መስታወት ነው።»

«እኔን! ምነው እጄን በሰበረኝ ኖሮ!» አለችና ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ራሷን ያዘች። «ሰው ደጃፌ ላይ አድሮ ዓይኑን አጥፍቼ ልስደደው? እስከ ዛሬ ያነሱትንስ? እሱንም አጥቤው ይሆን?»

«እሱንስ አላጠቡትም። ያነሳሁትን ሁሉ በቆርቆሮ አሽጌ ላመጣኝ መርከብ አዛዥ ሰጥቼዋለሁ። ጨው የሚያወጡት ሴቶች፣ ጀልባ ጠራቢዎቹ፣ መረብ ጣዮቹ ሁሉም በሰላም አሉ። የቀረኝ የእናንተ ገመድ ነበር።» ወደ ክፍሉ ጥግ ዞሮ ባለሦስት እግሩን ካሜራ አየ። «አንዲት መስታወት ግን አለች። ከካሜራው ጀርባ፣ ከእንጨት ቤቷ ውስጥ ናት። እጅዎ አልደረሰባትም።»

«ቢደርስባት ኖሮ እሷንም አጥባት ነበር» አለች ከልቧ።

ሰውየው ፊቷን አየና ሳያስበው ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ እሷም እንባዋን በፎጣው ጥርግ አድርጋ ሳቀች።

መርከቡ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ሳይለወጥ ሌላ መርከብ በዚህ በኩል አያልፍም። እንግዲህ ለገመድ ቤቱ የቀረችው አንዲት ሥዕል ናት ማለት ነው።

ወደ ማድቤት ስትወርድ የምታስበው ሌላ ነበር። ሥዕሉ ለመጽሔቱ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም፤ ለቤቷ የሚያደርገውን ግን ታውቃለች። አማቷ፣ የገመድ ቤቱ አባት፣ ከሞቱ ወዲህ መልካቸው የትም የለም። ሁለቱ ልጆቻቸው በአባታቸው አፍንጫ እንኳ አይስማሙም። ባሏ «ቀጥ ያለ ነበር» ይላል። ዋርሳዋ «ጎባጣ ነበር» ይላል። አንድ አባት ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። እነዚህም ነገ ይሞታሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ እንዲሁ ሊከፋፈሏቸው ነው። ሁለቱን ባንድ ሥዕል፣ ጎን ለጎን፣ ማንም እንዳይክድ አድርጎ ማስቀረት ነበር የእሷ ምኞት። እንግዳው ይመጣል ከተባለ ጀምሮ ለማንም ሳትናገር የያዘችው ነገር ይህ ነው። አሁን በገዛ እጇ ብዙውን ዕድል አጥባ አንድ አስቀርታለች።

የወደቡ ሹም ቁርሱ ላይ ደረሰ። ነሐስ ቁልፍ በሁለት ረድፍ የተሰካበት ኮት ለብሷል። ቁልፎቹን ሌሊት ሲያስወለውል ያደረ ይመስላል፤ ሲቀመጥም ሲነሳም አንድ በአንድ በጣቱ ይነካቸዋል። የመስታወቶቹ ወሬ መንገድ ላይ አግኝቶታል።

«አንድ ብቻ ቀረ አሉኝ» አለ ለፎቶ አንሺው።

«አዎ ጌታዬ። አንድ።»

«አንድ ትበቃለች። እኔም አንድ ነኝ።»

ፎቶ አንሺው የያዘውን ኩባያ መልሶ አስቀመጠ። በደሴቶቹ ላይ የሚያነሳበትን ፈቃድ ያተመለት ይህ ሰው ነው። «ጌታዬ፣ መጽሔቱ የሚጠብቀው የሥራ ሥዕል ነው» አለ በጥንቃቄ።

«ሹመት ሥራ አይደለም እንዴ?»

የቤቱ እመቤት ለሹሙ ዳቦ ጨመረችለትና ፎቶ አንሺውን ከጭንቁ አወጣችው፦ «ይብሉ ጌታዬ። ባዶ ሆድ በሥዕል ላይ ያስታውቃል ይላሉ።» ሹሙ ሆዱን ነካ አድርጎ በላ።

ገመድ ቤቱ ቤት ይባል እንጂ ጣሪያ የለበሰ መንገድ ነው። ግድግዳ የለውም፤ በግራና በቀኝ እንጨት ተተክሎ ላዩ ተከድኗል። ርዝመቱ ከአንደኛው ጫፍ ቆሞ በሌላኛው ጫፍ ያለውን ሰው በመልኩ ሳይሆን በአረማመዱ የሚለዩት ያህል ነው። ውስጡ ቃጫና ቅጥራን ይሸታል፤ ወለሉ በእግር ብዛት እንደ ቆዳ ለስልሷል። ጣሪያው ዝቅ ስላለ ቀትር ላይ እንኳ ብዙ ብርሃን አይገባውም።

በአንደኛው ጫፍ ትልቁ መንኮራኩር አለ። እዚያ ባሏ ይቆማል፤ ስሙም ዘዋሪው ነው። በሌላኛው ጫፍ ታናሽ ወንድሙ አለ። ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ከጣቱ እያሾለከ፣ የኋሊት እየተራመደ ሲፈትል ስላደገ ሰው ሁሉ ኋሊት ይለዋል። ጎበዛዝቱ፣ «ኋሊት ሚስት ሊያጭ የሄደ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ገብቶ አማቱን ረገጠ» እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስት ግን አላጣም።

አባታቸው ሲሞቱ፣ «ገመዱ የሁለታችሁም ነው» ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ የገመዱ ራስ የትኛው ጫፍ ነው በሚል ተጣሉ። ጠቡ ጩኸት የለውም። ክፉ ነገር አልተባባሉም፤ ዝም ብቻ ነው የተባባሉት። ሥራው ግን ያለ ንግግር አይሆንምና በገመዱ ይነጋገራሉ። አንዴ ሳብ ሲደረግ «ጀምር» ነው። ሁለቴ ሲሆን «ቀስ በል»። ፈጠን ፈጠን ሲል «ተው፣ እየላላ ነው»። እንዲህ እየተሳሳቡ የሚገምዱት ገመድ በየወደቡ ስም አለው፤ ቤት ሲገቡ ግን እያንዳንዱ በየበሩ ይገባል።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ መጀመሪያ ወደ መንኮራኩሩ ሄደ።

«እዚህ ነው የሚቆመው፣» አለው ዘዋሪው፣ እጁ ከመንኮራኩሩ ሳይለይ። «የገመዱ ራስ ይኸ ነው። ሰው ሥዕል ሲነሳ በራሱ በኩል ነው ወይስ በእግሩ?»

«ወንድምዎ ግን ከዚህ አይታይም።»

«ለምን ይታያል? የጅራት ሥዕል አለ እንዴ?»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ኋሊት ላቡን በክንዱ እየጠረገ ጠበቀው።

«ራሱ እዚያ ነው አለህ?»

«ብሎኛል።»

«ራስ ሲዞር ይውላል እንዴ? ራሱ የሚዞርበት ሰው ታሟል፤ እናስታመው።» ጎበዛዝቱ ሳቁ። «ገመድ የሚወለደው ከዚህ ጣት ነው። ዓይንህን እዚህ ትከል፣ ወንድሜ።»

ሹሙም በመሃል ቆሞ፣ «እኔ የትኛውም ጫፍ ላይ ብሆን ግድ የለኝም» አለ። «ከፊት እስከሆንኩ ድረስ።»

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ብርሃኑ ነበር። እዚህ ጨለማ ውስጥ ሥዕል እንዲወጣ ሰው ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። በዚያን ዕለት ደግሞ ሦስቱ ወፋፍራም ፈትሎች ወደ አንድ ገመድ የሚገጠሙበት ቀን ነው፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ በተቃራኒ እያዞሩ ያጠብቁታል። መሃል ላይ ከቆመ ይላላል፤ ከላላ ይቋጠራል፤ ከተቋጠረ የከረሙበት ድካም ለማገዶ ነው። ካሜራው የሚንቀሳቀስ አይወድም፤ ገመዱ የሚቆም አይወድም።

ፎቶ አንሺው መሃል ላይ ካለችው የውሃ እንስራ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የቤቱ እመቤት ውሃ ቀዳችለት።

«ምን ይሻላል?» አለች።

«እንጃ። ከየትኛውም ጫፍ ባነሳ የወንድማማቾቹ አንደኛው ጀርባ፣ ሌላኛው ነጥብ ነው የሚሆነው። ያውም ተንቀሳቅሰው ጭስ ይመስላሉ።» ውሃውን ጠጣ። «ገመድ ሠርቶ የሚያርፍበት ጊዜ የለውም?»

እንስራውን ልትከድን የነበረው እጇ እዚያው ቀረ።

«በአባታቸው ጊዜ ነበረው» አለች።

«እንዴት?»

«ገመዱ ተጋጥሞ ሲያልቅ ወደ ግቢው ይወጣል። ያንን ግንድ ያዩታል?» በእንጨቶቹ መሃል ወደ ግቢው አመለከተች። ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ፣ ወገቡ በገመድ የተበላ አሮጌ ምሰሶ ፀሐዩ ላይ ቆሟል። «በእሱ ይዞራል። ሁለቱ ጫፎች ተመልሰው ይገናኛሉ። አንዱን ጫፍ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ይዞ፣ ያችን ድንጋይ በእግራቸው ረግጠው፣ ፊት ለፊት ሆነው ወደ ኋላ ይጋደማሉ። ጎበዛዝቱም ከየኋላቸው ይይዛሉ። ከዚያ ዝም ነው። ገመዱ እስኪረጋ ማንም አይነቃነቅም። ያልረጋ ገመድ መርከበኛ ያንቃል ይሉ ነበር አማቴ።»

«ዝም ብለው? ፀሐይ ላይ?»

«ትንፋሽ እንኳ ተቆጥቦ።»

ፎቶ አንሺው ተነስቶ ቆመ። «ታዲያ ዛሬ ለምን አይደረግም?»

«ዛሬማ አንዱ ጫፉን ምሰሶ ላይ አስሮ ይሄዳል፤ ሌላው በኋላ መጥቶ የራሱን ያስራል። ገመዱ ይረጋል። እነሱ ናቸው ያልረጉት።»

«ልጠይቃቸው?»

«እኔ ልጠይቅ» አለች።

ባሏ ዘንድ ውሃ ይዛ ሄደች። ጠጥቶ ኩባያውን ሲመልስላት ነገረችው። አልተቆጣም። መንኮራኩሩን እያዞረ ቆየና፣ «እሱ ከጠራኝ እመጣለሁ። መቼ እምቢ አልኩ? አይጠራኝም እንጂ» አለ።

ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ ዋርሳዋ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ፣ የሚጠራው ታላቅ ነው» አላት ኋሊት። «እኔ ታናሽ ነኝ፤ ልጥራው ብል ነውር ነው። እሱ ከጠራኝ ግን በሩጫ ነው የምመጣው። በፊት ለፊት ሩጫ ያውም።»

«አይጠራኝም ነው የምትለው?»

«ጠርቶኝ ያውቃል?»

ባዶውን ኩባያ ይዛ ተመለሰች። መንገዱን ስትሄደው ረጅም ነበር፤ ስትመለስ ግን አጠረባት። ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ለመምጣት ተዘጋጅተው፣ ሁለቱም ጥሪ እየጠበቁ። በመሃላቸው ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በጎኗ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል።

ፎቶ አንሺው አግዳሚው ላይ ሆኖ በዓይኑ ጠየቃት። «ይጠብቁ፣» አለችው። «ካሜራዎን ግን ግቢው ውስጥ ይትከሉ።»

«እሺ አሉ?»

«እንግዲህ ይትከሉት አልኩዎ!»

ተከለው። ሹሙ ተከትሎት ወጣና ከካሜራው ፊት ለፊት ቆሞ የኮቱን አንገት ማስተካከል ያዘ።

እሷ እንስራዋ አጠገብ ቆማ ገመዱን አየችው። ገና ሙሽራ ሳለች ጀምራ ለዚህ ቤት ውሃ አመላልሳለች፤ ገመድ ሲያልቅ ድምፁ እንደሚቀየር ታውቃለች። ሲገጠም ያጉረመርማል። ተጋጥሞ ሲያልቅ እንደ ክራር ጅማት ይጠራል። ያ ድምፅ እስኪመጣ ጠበቀች። ቸኩላ ብትነካው ገመዱ ይበላሻል፤ ባሏም በሕይወቱ አይምራትም።

ድምፁ መጣ።

ኩባያውን አስቀመጠች። ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ሁለት እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ፣ እግሯን አንፈራጥጣ፣ እንደ አማቷ ሳበችው፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። «ኑ» ነው ትርጉሙ። ከአማቷ ቀብር ወዲህ ያ ገመድ እንዲህ ተስቦ አያውቅም።

መንኮራኩሩ ቆመ።

በዚያኛው ጫፍም የጎበዛዝቱ ወሬ ተቋረጠ። ከዚያ በቀኝ በኩል የእግር ኮቴ ተሰማ፤ በግራ በኩልም እንደዚሁ። መጀመሪያ እርምጃ ነበር፤ ኋላ ግን ሁለቱም አፋጠኑት። እሷ ኩባያዋን አንስታ ጀርባዋን ሰጥታ እንስራው ውስጥ አጎነበሰች።

«ጠራኸኝ?» አለ ኋሊት። እውነትም ሮጦ ነው የመጣው፤ ያለከልካል።

«እኔ?» አለ ዘዋሪው። «አንተ አይደለህ እንዴ የጠራኸኝ?»

«እኔ አልጠራሁም።»

«እኔም አልጠራሁም።»

ተያዩ። እያንዳንዳቸው ሌላው ኩራቱ ይዞት እንደካደ ቆጠሩ። ይህም ሁለቱንም ደስ አሰኛቸው።

«እሺ እንዳልከው ይሁን፣» አለ ታላቅየው፣ ከንፈሩን በፈገግታ እያሸሸ። «ማንም አልጠራም። መጥተናል ግን።»

«መጥተናል» አለ ታናሽየው።

«ገመዱም አልቋል።»

«አልቋል።»

«እናርጋው?»

«እናርጋው እንጂ።»

ያን ጊዜ እሷ ከእንስራው ቀና ብላ፣ «ምን ሆናችሁ ሥራ ጥላችሁ የተሰበሰባችሁት?» አለች። በእንጨቶቹ መሃል ግን ፎቶ አንሺው ቆሞ ነበር። ምን ያህል እንደቆየ አላወቀችም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ አራግፎ ወደ ግቢው ተመለሰ።

ገመዱ ሲወጣ ግቢው ሞላ። ጎበዛዝቱ በትከሻቸው ተሸክመው በምሰሶው አዞሩትና ሁለቱን ጫፎች ድንጋዩ ዘንድ መልሰው አመጡ። ድንጋይዋ ትንሽ ናት፤ ለሁለት ሰው እግር በጭንቅ ትበቃለች።

«እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝ» አለ ዘዋሪው።

«ድንጋዩ የአባቴ ነው» አለ ኋሊት።

«የእኔም አባት ነበር መሰለኝ።»

ጎበዛዝቱ ፈነዱ። አንደኛው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ድንጋዩም ራስና እግር ሊወጣለት ነው» አለ።

ሹሙ ካሜራው ፊት እንደተገተረ ነው። ከኋላው አሥር ሰው ገመድ ይዞ ቢጋደም እሱ ብቻውን ቀጥ ብሎ፣ ገመድ እንደጠለፈው በሬ ሆኖ ሊታይ ነው። ፎቶ አንሺው ወደ እሱ ሄዶ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገረው።

«ጌታዬ፣ አንድ ችግር ገጥሞኛል። ይህ ሁሉ ሰው አንዴ ፀጥ ካላለ ሥዕሉ ከንቱ ነው። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? ቆጠራውን የሚመራልኝ፣ ድምፁ የሚፈራ ሰው ያስፈልገኛል።»

ሹሙ ጎበዛዝቱን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ ቁልፉን ነካ። «የሚፈራ ድምፅ ነው የፈለግኸው?»

«ከዚህ ግቢ ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት ያለዎት።»

«እንደሱ ቀድመህ አትነግረኝም?» አለና ከካሜራው ጎን መጥቶ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ አጠገብ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«እመቤቴ፣» አለ ፎቶ አንሺው፣ «እርስዎ ምሰሶው ዘንድ ይቁሙልኝ። ገመዱ ከታጠፈበት።»

«እኔ? እንዲህ ሆኜ? ቀሚሴን አያዩትም?»

«እንዲህ ሆነው። እጅዎንም ገመዱ ላይ ያድርጉት።» ከዚያ ሳይስቅ፣ «ለምዶታል» አለ።

ፊቷ ጋለ። ሄዳ ቆመች። በግራዋ የባሏ ገመድ፣ በቀኟ የዋርሳዋ ገመድ፤ መዳፏ ሥር ግን አንድ ነው።

«ሳቡ!» አለ ዘዋሪው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ድንጋዩን ረግጠው ወደ ኋላ ተጋደሙ። ገመዱ ተወጠረ፣ ምሰሶው ሲጢጥ አለ፣ ጎበዛዝቱ ከየኋላቸው ክብደታቸውን ጣሉ። ፊት ለፊት ነበሩ። ከዚህ ቅርበት ላይ ከተያዩ ስንት ዘመናቸው ነው። ዘዋሪው የወንድሙን ፊት አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ።

«አንተ፣» አለ በጥርሱ መሃል፣ «የአባባን አፍንጫ ይዘህ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የምትዞረው?»

«ጎባጣ ነው አላልኩህም?»

«የምን ጎባጣ! ይኸው ቀጥ ያለ ነው!»

«ከፊት ስለሆንክ ነዋ። ከጎን ብታየው ጎባጣ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከጎኑ ነበር የምቆመው።»

ዘዋሪው አሰበበት። እሱ ሁልጊዜ አባቱን ከፊት ለፊቱ ነበር የሚያየው። «ለካ እንደዚያ ነው!» አለና ሊስቅ ሲል፣ ፎቶ አንሺው እጁን አነሳ።

«ዝም!» አለ ሹሙ።

እውነትም የሚፈራ ድምፅ ነበር። ወፍ እንኳ የጮኸ አልነበረም።

«አንድ!»

ፎቶ አንሺው ክዳኑን ከካሜራው ዓይን ላይ አነሳ። ገመዱ በረጋበት ረጋ። የጎበዛዝቱ ክንድ ተገታትሮ ቀረ። ሁለቱ ወንድማማቾች እየተያዩ፣ ሳቃቸውን በጉንጫቸው ይዘው፣ አንዱ በሌላው ክብደት ቆመው ነበር፤ አንደኛው ቢለቅ ሌላው በጀርባው ይወድቃል። ማንም አልለቀቀም። እሷ መዳፏ ሥር የገመዱን ሙቀት እየሰማች ወደፊት ትክ ብላ አየች። ሹሙ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ እንደ አዋጅ፣ ለእያንዳንዱ ክብሩን እየሰጠ ጠራቸው። ፎቶ አንሺው የሚፈልገውን ያህል ሲያገኝ ክዳኑን መለሰ፤ ሹሙ ግን ድምፁ ስላማረው ቆጠራውን አላቆመም። ጎበዛዝቱም ፈርተው እስኪጨርስ ተጋድመው ቆዩ።

ከዚያ ሁሉም ባንዴ ለቀቁ፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም በየጀርባቸው ተዘረሩ። ያን ጊዜ የያዙት ሳቅ ወጣ።

«የእኔስ?» አለ ሹሙ ትንሽ ቆይቶ፣ ነገሩ ገና እየገባው። «እኔ የት ጋ ነኝ?»

«ዝምታው የእርስዎ ነው ጌታዬ» አለው ፎቶ አንሺው። «ያለ እሱ አንዳቸውም አይታዩም ነበር።»

ሹሙ ይህን በአእምሮው ገለባበጠው። መጥፎ ነገር አላገኘበትም።

መርከቡ ሲያፏጭ የቤቱ እመቤት የታጠቡትን መስታወቶች በፎጣ ጠቅልላ ወደ ባሕሩ ዳር ይዛ ወረደች። ፎቶ አንሺው እጁን አወናጨፈ።

«ለእርስዎ ይሁኑ። እኔ ምን አደርጋቸዋለሁ?»

«አንዷን ማድቤቱ መስኮት ላይ ለክቻት ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። «ልክክ ብላለች።»

«ተመስገን። እንግዲህ አንድ ሥዕል እዚያ አለ፤ ባሕሩን የሚያሳይ።» የካሜራውን ሳጥን ጀልባው ላይ አስቀመጠ። ወደ እሷ ዘወር ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ልክ ነኝ?»

«የእርስዎ ዓይንስ ካልታጠበው መስታወት ይብሳል!» አለችው። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ? መስታወት አልነበረኝም።»

ጀልባው ተገፋ። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ቆመው እጃቸውን አውለበለቡ፤ ማን ቀድሞ እንዳቆመ አልታወቀም።

የመጨረሻዋ መስታወት መርከቡ ላይ ወጣች፤ ምንም አልጎደለባትም። ነፋሱ ተለውጦ ተመልሶ ሲነፍስ መጽሔቱ ወደ ደሴቲቱ መጣ፤ ሹሙም ሥዕሉን ለሚያሳየው ሰው ሁሉ ፀጥታውን ያሳይ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ወንድማማቾች ወደየጫፋቸው ተመልሰው አዲስ ቃጫ ጀመሩ። ምሳ ሲደርስ ታላቅየው ገመዱን ሁለት ረጅም አንድ አጭር ሳበው፤ ታናሽየውም መጣ።